የቁንዝላው ሰዓት ያዥ

ከባለቤቴ ጋር የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ዓሣ መጥበስ ነው፤ እኔ እገለብጣለሁ፣ እሱ ሰዓቱን ይዞ በየግማሽ ደቂቃው ጠረጴዛውን በእርሳስ ቋ ያደርጋል፣ «አሳረርሽው እኮ፣ ዶክተር!» እያለ ያሾፍብኛል። ገና ዶክተር አልነበርሁም። በማግሥቱ ወባ ጣለው፣ በሳምንቱ ቀበርሁት። ይህን የማወራችሁ ሥነ ልቦና የተማርሁ ሰው ነኝ፣ ሙት ይመለሳል በሚሉ ሰዎች ስስቅ የኖርሁ፣ እመኑኝ፣ ዛሬም ለማመን አልቸኩልም።

ጊዜው የደርግ ነበር። ውጭ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቴ የማጠናው፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አንድ ጊዜ ብቻ የሰሙትን ታሪክ እንዴት እንደሚይዙት ነው፤ እኔ አነባለሁ፣ እነሱ መልሰው ይነግሩኛል፣ ባለቤቴ በየግማሽ ደቂቃው ያንኳኳል፣ እኔም በጽሑፌ ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ የሚናገሩበትን ፍጥነት የምለካው በዚያ ነው። የቀሩን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፣ ከጣና ማዶ ቁንዝላ ያሉ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር፣ የኔታ። ያለ እሳቸው ጥናቱ ጎዶሎ ነው፣ ታሪኩን ሁለተኛ ቢሰሙት ደግሞ ፈተናው ይበላሻል።

ከአርባው በኋላ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አስጽፌ ከባሕር ዳር በጀልባ ብቻዬን ሄድሁ። ረፋድ ላይ የኔታ ደጃቸው መደብ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አነበብሁላቸው፣ ቃል ሳይጥሉ መለሱልኝ፣ እኔም እጄ እስኪዝል ጻፍሁ፤ ልክ ሲጨርሱ ሰዓት የሚባል ነገር ጨርሶ እንዳልያዝሁ ትዝ አለኝ። ሰዓት መያዝ የእሱ ሥራ ነበራ! የስንት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ ብዬ አለቀስሁ።

«ምነው ልጄ?»

«ሰዓቱን አልያዝሁም፣ የኔታ።»

«አብሮሽ የመጣው ሰውዬ ሲያንኳኳ አልነበረም እንዴ? እኔንማ ሲነዘንዘኝ ነው የቆየው።»

«ብቻዬን ነኝ እኮ የመጣሁት።»

«አትቀልጂብኝ፣ ይልቅ ጻፊ!» አሉና ታሪኩን እንደ አዲስ ጀምረው፣ ሰውዬው መታ ያደረገበት ቦታ ላይ ሲደርሱ በመቋሚያቸው መሬቱን ቋ እያደረጉ ደገሙት። አሥራ አንድ ጊዜ፣ እኔም በየቦታው ምልክት አደረግሁ። እኔ አንዷንም አልሰማሁም ነበር።

ከዚያ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። «እኔ ጨርሻለሁ፣ አሁንም እየመታ ነው። ይበቃል በይው እንጂ!»

ወደ ባዶው መደብ ዞሬ «ይበቃል» አልሁ።

«አሁን ተወ» አሉ።

ቤቴ ገብቼ በእሳቸው አነጋገር ልክ እያነበብሁ ለካሁት፣ እያንዳንዱ ምልክት ግማሽ ደቂቃዋ ላይ ወደቀ። ዲግሪውን አገኘሁ! ፈታኞቹ ቆመው ጨበጡኝ፣ ስለ የኔታ የጻፍሁትን ምዕራፍ ደግመው አስነበቡኝ፣ ባሕር ዳር ስገባ አማቴ ጥቁር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ እልልታውን አቀለጡት፣ እኔም አብሬ እልል አልሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አንገቴን ቀና አድርጌ አላውቅም።

በጥናቱ ላይ ሰዓት ያዥ ብዬ ያሰፈርሁት የባለቤቴን ስም ነው፣ እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም። ደግሞ ያን ቀን ይበቃል ባልለው ኖሮ እላለሁ፣ እስከ መቼ ይመታ ነበር?

አሁን እዚሁ ባሕር ዳር ሥነ ልቦና አስተምራለሁ።