በጥጃ ወቅት የተሸከፈ ቦርሳ

ማርኒ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ከፍታ ስትሸክፍ ባሏ ኩርት ከበረት ተመለሰ። እጁን እስከ ክርኑ ታጥቧል፤ ሽታው ግን አብሮት ገብቷል። በመጋቢት ወር፣ በዚህ የሳስካችዋን ሜዳ ላይ፣ ከብት ከብት የማይሸት ባል ያላት ሴት ወይ የባንክ ሠራተኛ አግብታለች፣ ወይ ባሏ ጥሏት ሄዷል።

«ላግዝሽ?» አላት።

«አግዘኝ።»

ሆስፒታሉ ሳስካቱን ከተማ ነው። በረዶ መንገዱን ከዘጋ የሚደረስበት ስላልሆነ፣ ሐኪሟ የመውለጃ ቀኗ ሳይቃረብ እዚያው ከተማ እናቷ ግዌን ዘንድ ሄዳ እንድትቀመጥ መክሯታል። መሄጃዋም ዛሬ ነው። ችግሩ ላሞቹም በዚሁ ወር መውለዳቸው ነው። በዚህ አገር አንድን ባል በጥጃ ወቅት «ከብቶቹን ትተህ ና» ማለት፣ ቄስን በፋሲካ ዋዜማ «ዓሣ እናጥምድ» እንደማለት ነው። የኩርት አባት ራሱ፣ ኩርት ሲወለድ በረት ውስጥ ነበር። ዘመዶቹ ይህን እንደ ጀብዱ ያወሩታል። ያን ዕለት ለተወለደው ጥጃ ወዲያው ስም ወጣለት፤ ኩርት ሳምንት ጠበቀ።

ስለዚህ ማርኒ አልጠየቀችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ ሲወለድ ይህ ሰው አጠገቧ እንዲሆን። ግን ተለምኖ ሳይሆን በራሱ እንዲመጣ ነው የፈለገችው።

መጀመሪያ ሲገናኙም ብዙ አልተነጋገሩም ነበር። አዲስ የተመደበች አስተማሪ ሳለች መኪናዋ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች። ኩርት በትራክተሩ ጎትቶ አወጣላትና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ፣ «ጎማዎችሽ አይረቡም» አላት። በዚህ አካባቢ ወንዶች አፍ ይህ የፍቅር ግጥም ነው።

የሌሊት ልብሷንና የሕፃን ኮፍያዎቹን አስቀምጣ ካልሲ ልታመጣ ዞር አለች። ስትመለስ ቦርሳው ውስጥ አሮጌ ፎጣዎች፣ እስከ ትከሻ የሚደርስ የላስቲክ ጓንት፣ አንድ ጠርሙስ አዮዲንና በሥርዓት የተጠቀለለ ገመድ አገኘች።

«ኩርት።»

«አቤት።»

«ይሄ ገመድ ምንድን ነው?»

«ምናልባት... እግሩ ከቀደመ ለመሳብ ብዬ።»

«እኔ እኮ ላም አይደለሁም!»

«አውቃለሁ። ላም ብትሆኚማ እንዲህ አልፈራም ነበር።»

ልትስቅ ነበር። ግን ኩርት ገመዱን እያየ እንጂ እሷን እያየ አልነበረም።  

«ማን እንዲጠቀምበት ነው የምትከተው?» አለች ቀስ ብላ።

«እናትሽ።»

«እናቴ?»

«ማዋለጃ ክፍል አብሮሽ የሚገባው አንድ ሰው ነው ብለውሻል። ግዌን ደግሞ ከገና ጀምሮ ስትዘጋጅ ነበር። እሷ ናት ብዬ...»

«እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቧጭራ ራሷን የሳተች ሴት ናት! ለእሷ ነው የተውከኝ?»

«ና አላልሽኝማ።»

«ከብቶቹስ ና ብለውህ ነው?»

«እነሱማ አይጠይቁም። ዝም ብለው ይወልዳሉ።»

ማርኒ ወገቧን ይዛ ተነሣች። የአገሩን ወግ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጣሰችው።

«እንግዲያው ና! ላሞቹን ለሰው ስጥና ከእኔ ጋር ና። ይኸው ለመንኩህ፤ ደስ ይበልህ!»

ኩርት ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቹ ውስጥ ያየችው ደስታ ለዓመት የሚበቃት ነበር።

«እሺ» አለ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «ለማን ልስጣቸው?»

ሁለቱም እኩል በመስኮቱ አዩ። ከበረዶው ማዶ የሚታየው የጎረቤታቸው የሽማግሌው ቨርን ቤት ብቻ ነው። የኩርት ኮርማ አጥር ጥሶ የሽማግሌውን ምርጥ ላሞች ካስረገዘ ወዲህ ጎረቤታሞቹ ተኳርፈዋል። ያን ጊዜ ኩርት ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ «አጥርዎ የበሰበሰ ነው» ብሎ ነበር።

ስልኩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው።

«ደውል» አለች ማርኒ፣ እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ።

ደወለ። «ቨርን፣ ኩርት ነኝ። የዚያ ኮርማ ነገር... ጥፋቱ የእኔ ነበር። አጥርዎ ደህና ነበር።» ወደ ማርኒ አየ። «ሚስቴ ልትወልድ ነው። አብሬያት መሆን እፈልጋለሁ። ከብቶቹን...»

ስልኩን ከጆሮው አራቀ። «ዘጋብኝ!»

ማርኒ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ያወጣችውን ካልሲ አንዱን በአንዱ ውስጥ ደጋግማ ታጥፋለች። ምድጃው ላይ የተጣደው ማንቆርቆሪያ ገና ሳይፈላ ግን ደጅ ላይ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው ቨርን በረዶውን ከጫማው እያራገፈ፣ የደበዘዘ ቦርሳ አንጠልጥሎ ገባ።

«የት ነው የምተኛው?»

ማርኒ ግራ ገባት። «በዚህ ፍጥነት ሸከፉ?»

«ሆድሽን ሱቅ ውስጥ ካየሁ ጀምሮ ቦርሳዬ ደጃፌ ላይ ነው! የዚህ ቤት ሰው አፉን እስኪከፍት ልሞት ነበር እኮ።» የተከፈተውን ቦርሳ አየና ገመዱን መዘዘ። «ይሄ ከእኔ ጋር ይቅር። አንተ ሰውዬ፣ እሷን ልታስራት ነው?»

በገመዱ ቦታ ኩርት ሸሚዞቹንና ምላጩን ከተተ። ማርኒ የተጨማደደውን እጅጌ አስተካከለችለትና ዚፑን ዘጋችው።

ልጅቷ ከተባለው ቀን ቀድማ፣ ፀሐይ በሞላበት ጠዋት መጣች። ግዌን ኮሪደሩ ላይ ለሚያልፈው ሁሉ አያት መሆኗን ታበስራለች። ኩርት ከማርኒ ራስጌ ሳይነቃነቅ ቆይቶ፣ ሕፃኗ እናቷ ደረት ላይ ስትደረግ ወንበር ላይ ዘጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ ከወንበሩ ሳይነሣ ለቨርን ደወለ።

«ሴት ናት» አለው።

«ቆመች?» አለ ቨርን፣ ስለ ጥጃ መጠየቅ ለምዶበት።

«እሷም ገና ናት» አለ ኩርት። «እኔም ገና ነኝ።»

ማርኒ እየሳቀች እጇን ዘረጋችለት። ኩርትም ከነወንበሩ ተጠጋት።