ሞተሩ የሸፈነው ሳል

ይህን የምጽፈው በማንም ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በጭሮ ከተማ ጫት የሚጫንበት ግቢና አንድ አይሱዙ አለኝ። ጫት ቶሎ ስለሚጠወልግ አያስቆምም ብለን፣ መኪናው ሲጫን ሞተሩ አይጠፋም ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ አንድ ክንድ ሳይራመድ፣ ናፍጣ ያነድድ ነበር። እኛ ይህን ትጋት እንለው ነበር።

በቆርቆሮ አጥር የምንዋሰነው ልብስ ሰፊው ዘይኑዲን አምና መጥቶ፣ "ጋሽ መኮንን፣ እስኪጫን ድረስ እንኳ ያስጠፉልኝ። ጢሱ ደረቴን ዘጋው" አለኝ።

"ጢስ ካልቻልህ ቆላ አሰቦት ውረድ፤ እዚያ አየር በነጻ ነው!" አልሁት። ጫኞቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እርሱ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ባለፈው ወር ናፍጣ ጠፋ። እንዳሻው የሚባለው ሾፌሬ ያለችውን ለመንገድ ለመቆጠብ ሞተሩን አጠፋው።

"አበድህ? ጫቱ ይጠወልጋል!" ብዬ ጮኽሁበት።

"ጋሼ፣ ጫት የሚያጠወልገው ፀሐይ ነው እንጂ ዝምታ አይደለም።"

ግቢው ጸጥ አለ። ያን ጊዜ ከቆርቆሮው ማዶ ሳል ሰማሁ፤ ረጅም፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል።

"ይህ ከመቼ ወዲህ ነው?" አልሁ።

ከጫኞቹ አንዱ ታጁዲን መሬት መሬት እያየ፣ "ሁልጊዜ ነው፣ ጋሼ። ሞተሩ ነው የማያሰማው" አለኝ።

ወደ ሱቁ ስሄድ ዘይኑዲን የስፌት መኪናውን በማዳበሪያ ከረጢት ይጠቀልላል። ገለምሶ መምህርት የሆነችው ልጁ ሹክሪያ ወደዚያ ልትወስደው መጥታለች። አልተቆጣችኝም።

"አባባ መኮንን፣ ከዚያ ቱቦ ሁለት ነገር ይወጣል" አለችኝ። "አንዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ምድርን ያሞቃል፤ ሌላው እዚሁ ቀርቶ ሳንባ ይገባል። የሚያጠፋቸው ቁልፍ ግን አንድ ነው።"

ቁልፉ በእጄ ነበር። ወደ ዘይኑዲን ዞሬ፣ "ይቅር ይበሉኝ፤ አይሂዱ" አልሁ።

"አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን፣ ጋሽ መኮንን። ትንፋሼ ሲመለስ እመለሳለሁ" አለኝ። ማታውን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ የመኪናው ሞተር ጭነቱ ታስሮ እስኪያልቅ አይነሳም። ጫቱ አንድ ቀን እንኳ ጠውልጎ አልደረሰም፤ ናፍጣውም ተረፈ። የዘይኑዲን ሱቅ ግን እንደተዘጋ ነው።

የጭሮ፣ የመሰላ፣ የገለምሶ ባለመኪኖች ሆይ፣ ስትጭኑ ሞተራችሁን አጥፉና ጥቂት አድምጡ። ከአጥሩ ማዶ የሚያስል ሰው ከሰማችሁ ደስ ይበላችሁ፤ እርሱ ገና አልሄደም።