የድኩላው ፊት

ሻምበል ባዩ ከወልቂጤ ተነሥቶ ጊቤ ዳር ሲደርስ ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። ለአደን ከባሕር ማዶ የመጣው ፈረንጅ ሙሴ ሮበር ሣሩ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው የገዛ ጠመንጃው ሰደፍ ነው፤ ደሙ ደርቆበት አጠገቡ ወድቋል። አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ደረቱን በጥይት የተመታ ድኩላ አንገቱ ታርዶ ተጋድሟል። የጠዋቷ ፀሐይ በቀጥታ ዓይኖቹ ውስጥ ትገባለች። ሻምበሉ ከሰውየው ይልቅ እንስሳውን ረዘም አድርጎ አየ።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ማንም አልነካቸውም፤ እሳት አንድደን ከጅብ ስንጠብቅ አደርን» አለ አሥር አለቃው። «ነገሩም አልቋል፣ ሻምበል። ፈረንጅ ድኩላ አያርድም። ያረደው ከድሮ የሚሉት ሰውዬ ነው። እሱ ግን ድኩላው ሲወድቅ አልነበርኩም ይላል።»

ከድሮ የአዳኞቹ ማረፊያ ቤት ዱካ አንባቢ ነው። እስላም ስለሆነ አውሬ ሲወድቅ ነፍሱ ሳትወጣ ሮጦ ካልባረከ ሥጋውን አይቀምስም፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ሙሴ ሮበር ሰው ፊት በጥፊ መትቶታል። ገዥው ከድሮን እስከ እኩለ ቀን አስረህ ወደ አዲስ አበባ ላክ ብለዋል። ፈረንጅ የገደለ ሰው እዚያ ምን እንደሚጠብቀው ሻምበሉ ያውቃል። ከስድስት ዓመት በፊት ቡታጅራ ላይ በእንዲህ ያለ ጥድፊያ አንድ ሰው አስረክቦ ነበር፤ እውነተኛው ገዳይ በእግሩ የመጣው ሰውየው ከተሰቀለ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሻምበል ባዩ እንቅልፍ የሚባል ነገር በቅጡ አያውቅም።

ማረፊያ ቤቱ በር ላይ የከድሮ ሚስት ሃሊማ እግሩ ሥር ወደቀች።

«ጌታዬ፣ በቅሎ ፍለጋ ነው የዋለ። ሚስቱ ነሽ ብለው አላመኑኝም። ልጅ የለን፣ ዘመድ የለን። እሱን ከወሰዱት እኔንም እዚሁ ቅበሩኝ።»

ደግፎ አነሣትና ወደ ዕቃ ቤቱ ገባ።

ከድሮ እጁን እንደታሰረ ይሰግዳል። በበሩ የገባው ብርሃን ቀኝ ጉንጩ ላይ አርፏል። ሻምበሉ እስኪጨርስ ቆሞ ጠበቀው።

«ተናገር።»

«ሙሴው ዛሬ ሳልጥል አልመለስም፣ ሂድና ገመድና በቅሎ አምጣ አለኝ። በቅሎዋ ከመስኩ ጠፍታ ሲመሽ አገኘኋት። ስመለስ ሰውየው ወድቋል። ላነሣው ስል ደሙ ነካኝ። ጮኼ ሰው የጠራሁት እኔው ነኝ፣ ወላሂ።»

«በጥፊ ሲመታህ አልተናደድክም?»

«ተናደድኩ እንጂ። ሰው አይደለሁም?»

ወጥ ቤት ውስጥ ወይዘሮ ወለተ ሐና ድስት ታጥባለች። ሙሴ ሮበር ወጧን ፊቷ ላይ ደፍቶ ከሥራ ትባረር ብሎ ነበር። ከአግዳሚው ሥር እግሯን የታሰረች ዶሮ ትጭራለች።

«ትናንት ከሰዓት ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ ጌታው» አለች፤ ድስቱን ግን አጥባ ስትጨርስ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

የማረፊያ ቤቱ ኃላፊ ገሠሠ ፀጉሩ የሸበተ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው።

«እዚሁ ወጥ ቤቱ ጎን ጄኔሬተር ስፈታ ስገጥም ዋልኩ» አለ። «ከድሮ ወንድሜ ነው፣ ሻምበል። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን አድነናል። አንዱን እሱ ይባርካል፣ አንዱን እኔ። እሱ ሲባርክ የአውሬውን እግር የምይዝለት እኔ ነኝ። ንዴት ነው እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል።»

አምስት ሰዓት ሲሆን ሻምበሉ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰበ። ከድሮን የሚጭነው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ሃሊማ የከድሮን ነጠላ ጨምድዳ ይዛለች።

«ድኩላውን ማን አረደው?» ሲል ጀመረ። «ፈረንጁ ለባርኮት ግድ የለውም፤ እሱ አይደለም። ከድሮ ነው እንዳልል ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሲሰግድ ፀሐይዋ በቀኙ ነበረች። ቂብላው፣ ሲሰግድ የሚዞርበት፣ ወደ ሰሜን ነው፤ ሲባርክም የእንስሳውን ፊት ወደዚያ ያዞራል። ይህ ድኩላ ግን ፀሐይዋን ፊት ለፊት ያያል። ወደ ምሥራቅ አዙሮ፣ በስመ አብ ብሎ የሚያርደው እንደ እኔ ያለ ክርስቲያን ነው። እጁ የለመደውን አደረገ።»

ሻምበሉ ወደ ወለተ ሐና ዞረ።

«እርስዎም ክርስቲያን ነዎት። ግን ሴት አትባርክም። ይቺ ዶሮ ለማን ነበረች?»

«ለሙሴው እራት።»

«ታዲያ ለምን በሕይወት አለች?»

ሴትዮዋ ገሠሠን አየችው፤ ዕንባዋ ቀደማት። «የሚባርክልኝ ወንድ አጣሁ። ቢላዋ ይዤ እስኪመሽ በሩ ላይ ቆሜ መንገደኛ ጠበቅሁ። ማንም አላለፈም።»

«ጄኔሬተሩ ጋ አልፈለጉም?»

«ፈለግሁ እንጂ። ጋሼ ገሠሠ አልነበሩም።»

ሻምበሉ ገሠሠን ትኩር ብሎ አየው። ገሠሠ ቀስ ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ልገድለው አልሄድኩም» አለ። «ከድሮን በመምታቱ ሌሊቱን ሙሉ አንጀቴ ሲያርር አደረ። ተኩሱን ስሰማ ወረድኩ፤ ሁለተኛ እጅህን በሰው ላይ እንዳታነሣ ልለው። እኔንም በጥፊ አለኝ። ጠመንጃውን ግንድ ላይ አስደግፎት ነበር። ሳላስበው… አንዴ ብቻ ነው የመታሁት። ሬሳው ፊት ስቆም የመስቀያው ገመድ ታየኝ፤ ፈራሁ። ድኩላው ገና ይንፈራገጥ ነበር። ካረድኩት ከድሮ ነበር ይላሉ ብዬ…»

አሥር አለቃው የከድሮን እጅ ፈታ። ሃሊማ ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ሳበችው፤ እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ገመዱ የቆረጠውን እጁን እያሻሸ ወደ ገሠሠ ተጠጋ።

«ጋሼ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እግሩን ሲይዙልኝ፣ ፊቱን ወዴት እንደማዞረው አንድ ቀን እንኳ አላዩም?»