የነጠቅኩት ከረሜላ

ወገኖቼ፣ ቢተው እባላለሁ። ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ መኪና ስጠግን ሃያ ዓመት አልፎኛል። የሞተር ሕመም ድምፁን ሰምቼ ብቻ አውቃለሁ፤ የሰው ሕመም ግን ግራ ያጋባኛል። ይህን ስላችሁ ለወግ እንዳይመስላችሁ፣ ግራ ገብቶኝ ሰው ልገድል ነበር።

ጎረቤቴ ዓለምሰገድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነው። ዕድሜው አርባ ስድስት፣ ቦርጩ ከእሱ ቀድሞ ቢሮ የሚገባ ሰው ነበር። አምና መስከረም ላይ ድንገት የሸራ ጫማ ገዝቶ ከወሎ ሰፈር እስከ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መሮጥ ጀመረ። ሰፈሩ ጉድ አለ። በመጀመሪያው ሳምንት አብዮት ጠባቂዎች አስቁመው ማን እያሳደደህ ነው አሉት። ማንም አያሳድደኝም ቢላቸው ይብስ ጠረጠሩት፤ ጎልማሳ ሰው በማለዳ ያለ ምክንያት አይሮጥማ። ቀበሌ ድረስ ወስደው፣ መታወቂያውን አገላብጠው አይተው፣ ለጤናዬ ነው፣ ማስ ስፖርት ነው ሲላቸው ለቀቁት።

እውነተኛውን ምክንያት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐኪም ስኳር በሽታ አለብህ ብሎ ኪኒን ሰጥቶታል፣ ሰውነትህንም አንቀሳቅስ ብሎታል። ዓለምሰገድ ይህን ለገዛ ሚስቱ ለየሺአረግ እንኳ አልነገራትም። ለምን ብትሉ፣ ልጁን ምንትዋብን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች መጥተዋል፣ ሰርጉም ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ነው። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። የወንዱ ወገን የልጅቷን ዘር እስከ ቅድመ አያት ያጣራል፤ በዘራቸው በሽታ አለ ከተባለ አለቀ። ስለዚህ ኪኒኑን እኔ ቤት አስቀመጠ። በየማለዳው አጥሬን ዞሮ ይመጣል፣ ኪኒኑን በውኃ ይውጣል፣ ይሮጣል። ለማንም እንዳልናገር በአንገቴ ማተብ አስምሎኛል።

እውነቱን ለመናገር ሩጫው ተስማማው። መጀመሪያ መቶ ሜትር ሳይሄድ የስልክ እንጨት ተደግፎ የሚያለከልክ ሰው፣ በስድስተኛው ወር ደርሶ መልሱን ሳይቆም ይጨርስ ጀመር። ሱሪው ሰፋው። ያኔ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በእኛ ዘንድ መክሳት መታመም አይደል? ያገኘው ሁሉ ምን ነካህ ይለዋል። ባልሽን አስራብሽው ብለው ስላሟት የሺአረግም ቅቤውንና ሥጋውን አበዛችበት። እሱም እንዳይነቃበት ማታ ይበላላታል፣ ጠዋት ሮጦ ያወርደዋል።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ዓለምሰገድ እንደ ቤተሰቡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ጀመረ። ለነፍስ አባቱ ታምሜአለሁ ቢል እንደሚፈቅዱለት ያውቃል፤ ግን ቁርስ ሲበላ የሺአረግ ካየች ምን ሆንክ ማለቷ አይቀርም። ኪኒኑን በባዶ ሆዱ እየዋጠ ይሮጥ ነበር። እኔም ምንም አልመሰለኝም። የሚደክመው ስኳሩ እንዳይበዛበት ከሆነ፣ ባይበላ ምን ይጎዳዋል እል ነበር።

አንድ ረቡዕ ማለዳ ኪኒኑን ሲውጥ ከኪሱ ከረሜላ ወደቀ። ኪሱን ብዳስስ ሌላም አለ፣ በጠቅላላው ሰባት። በጣም ተናደድኩ።

"ስኳር አለብህ ተብለህ ከረሜላ ትልሳለህ? ራስህን ልትገድል ነው?"

"ሐኪሙ ነው ያዝ ያለኝ" አለ። "ካንቀጠቀጠህና ካላበህ ቶሎ ብላ ብሎኛል።"

"እንዲህ የሚል ሐኪም የለም። አምሮህ ነው።"

እሱም ነገሩ በቅጡ የገባው አልመሰለኝም። ትንሽ ተከራከረኝና ሲሰለቸው ትቶልኝ ወጣ። እኔ የጓደኝነት ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ከረሜላዎቹን የብሎን ጣሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው።

የዚያን ዕለት የቀበሌው ሱቅ ስኳር ያድል ነበርና የራሽን ካርዴን ይዤ ተሰለፍኩ። የሺአረግም ከፊቴ ነበረች። ግማሹ ሰው ስኳሩን ተቀብሎ ሳይሄድ ወሬ ይዟል። ዓለምሰገድ ከቦሌ በኩል ብቅ አለ። ሩጫው ሩጫ አልመስል አለኝ፤ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ይለካዋል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ከሰልፉ አንዱ፣ በጾም በጠዋቱ ጠጥቶ ብሎ ሳቀ። ዓለምሰገድ አጠገቤ ደርሶ አየኝ፣ አላወቀኝም። በሟች ወንድሙ ስም ጠርቶኝ ቤታችን የት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ አስፋልቱ ዳር ተቀመጠና በጎኑ ተጋደመ።

ሰው ከበበው። የሚጥል በሽታ ነው ተባለና አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘለት። ሌላው ጸበል ውሰዱት ይላል። የሺአረግ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጤነኛ እኮ ነው፣ ምንም የለበትም እያለች ታለቅሳለች። ብናገር መሐላዬ ይፈርሳል፣ የምንትዋብም ሰርግ አብሮ ይፈርሳል። ዝም ብል ይሞትብኛል። ደግሞ የጠዋቱ ከረሜላ ትዝ አለኝ። ስኳር ያለበት ሰው ስኳር ይሰጠዋል እንዴ? ቢገድለውስ? ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሁሉ ተደበላለቀብኝ።

"ስኳር በሽታ አለበት" አልኩ በመጨረሻ። "ኪኒን ውጧል፤ እህል ግን አልቀመሰም።"

የሺአረግ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን እስክሞት አልረሳውም።

ቦሌ ሚካኤል ጨርቅ የሚነግዱት ወይዘሮ ዘሃራ ሰልፉን ጥለው መጡ። "ክብሪቱን ወዲያ በሉ። እናቴን እንዲህ ያደርጋት ነበር። ስኳሩ ወርዶበት ነው" አሉ። የተቀበሉትን ስኳር ፈተው፣ በጎኑ እንደተጋደመ በጣታቸው ትንሽ ትንሽ እያደረጉ የከንፈሩን ውስጥ ቀቡት። ነቃ ብሎ መዋጥ ሲችል በውኃ በጥብጠው አጠጡት። ያ ሁሉ ሰው ስኳር ታቅፎ ቆሞ፣ ለካ መድኃኒቱ በእጃችን ነበር። ዓለምሰገድ ቆየት ብሎ ዓይኑን ገለጠና በስሜ ጠራኝ። ሰው ያየኛል ሳልል እዚያው አለቀስኩ።

እኔና የሺአረግ ደግፈን ወደ ሐኪሙ ወሰድነው፤ እሱም ለሦስታችንም አስረዳን። ኪኒኑ ስኳሩን ያወርዳል፣ ሩጫውም ያወርዳል፣ ባዶ ሆዱ ደግሞ የሚተካ ነገር ነሳው። መሮጡን አያቁም፣ ግን በልቶ ይሩጥ፣ አጠገቡ ያለ ሰውም ይወቅለት አለ። ከዚያ ከረሜላ እንዲይዝ ነግሬው ነበር፣ የት ሄደ ሲል ጠየቀ። እኔ ነጠቅኩት አልኩ።

ወሬው ሽማግሌዎቹ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ነገሩ ለጊዜው ይቆይ ብለው ላኩ። ዓለምሰገድ እኔን ማናገር ተወ። የሺአረግን ያንገበገባት ግን ሰርጉ አልነበረም። "ሃያ ሁለት ዓመት አብሬህ ኖሬ ሕመምህን ከራሽን ሰልፍ ላይ ልስማ?" ስትለው በአጥሩ ሰምቻለሁ። ለልጃችን ብዬ ነው ሲል ምንትዋብ ተቀብላ፣ "አባባ፣ እኔ የምፈልገው ባገባም ባላገባም አንተ እንድትኖርልኝ ነው" አለችው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ዓለምሰገድ የሸራ ጫማውን አጥልቆ ቆሟል፣ የሺአረግ ከኋላው አለች። ሊጣላኝ መጣ ብዬ ስጠብቅ፣ "ከረሜላዬን መልስ" አለኝ። "ሰባት ነበር።"

ከብሎኑ ጣሳ አውጥቼ ሰጠሁት። ስድስቱን ኪሱ ከትቶ አንዷን መልሶ መዳፌ ላይ አስቀመጠ።

"ይቺን አንተ ያዝ። ከእንግዲህ አብረኸኝ ትሮጣለህ። ብወድቅ የምታነሳኝ አንተ ነህ።"

ቁርስ በልቷል ወይ ብዬ የሺአረግን ብጠይቃት፣ ዓይኔ እያየ አለችኝ።

የሰርጉ ነገር እስካሁን አልለየለትም። መሐላ ማፍረሴም ኃጢአት ይሁን ጽድቅ አልገባኝም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፣ እናንተም ያዙልኝ። ሕመማችሁን ቤታችሁ ውስጥ ካሉት አትደብቁ፤ የምትወድቁት እነሱ እጅ ላይ ነው። የሐኪም ቃል ግራ ከገባችሁም እንደ እኔ ከመንጠቃችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ አሁን በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ከዓለምሰገድ ኋላ ኋላ እያለከለክሁ እሮጣለሁ። ከረሜላዋ ኪሴ ውስጥ ናት። ላቤ ወረቀቷን አጣብቆባታል፣ አልበላኋትም።