የመምህር ተስፋሚካኤል አካሄድ

መምህር ተስፋሚካኤል ሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤታቸው ጓሮ፣ ከብረቱ ደረጃ ሥር፣ በደረታቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ግንባራቸው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ተሰንጥቋል። ቡናማ ኮታቸውና ኮፍያቸው በደረጃው መደገፊያ ላይ ተሰቅለዋል። ያገኟቸው ዘበኛው አቶ ሂርጳ ናቸው፤ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ የልደታ ሰፈር ሰው ግማሹ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይፈርድ ነበር።

ትምህርት ቤት ይባል እንጂ ባለ አራት ክፍል አሮጌ ቤት ነው። አኒሜሽን ይማሩበታል። አዲስ ተማሪ መጀመሪያ ሦስት ወር ሙሉ ኳስ ያነጥራል፤ ኳሷ ግን የምትነጥረው ወረቀት ላይ ነው፣ ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት ሥዕል እየተሳለላት። ብዙው ሰው እዚያው ላይ ተሰላችቶ ይቀራል። ዘንድሮ ኳሷን አልፈው የሰው አካሄድ ወደ መሳል የደረሱት ሦስት ብቻ ናቸው፦ ነጅማ፣ በሱፍቃድና ሰብለወንጌል። የመጨረሻው ልምምድ «በየቀኑ የምታዩትን ሰው አካሄድ ሳሉ» የሚል ነበር፤ ሦስቱም ሳይመካከሩ መምህራቸውን መረጡ። መምህሩ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ፤ ለተማሪ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ሞዴል አይገኝም። ከሦስቱ አንዱ በትልቅ ስቱዲዮ ሥራ ይቀጠራል፤ እሱን የመምረጥ ሥልጣን የመምህሩ ነበር።

ኢንስፔክተር ወለተሰንበት ጉዳዩን የተረከበችው ሐሙስ ጠዋት ነው። ያኔ ነጅማ ተጠርጥራ ከታሰረች አራተኛ ቀኗ ሆኗል። በማግስቱ አርብ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ የምትጠየቀውም በነፍስ ግድያ ነው። እናቷ ወይዘሮ ነስሪን አብነት ሰፈር ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው ከጣቢያው በር አልነሣ ብለዋል።

የቀድሞው መርማሪ ልቡ አርፎ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ዋና በር በላይ የተተከለው ካሜራ ልክ አሥር ሰዓት ላይ ኮት የለበሰ፣ ኮፍያ የደፋ ሰው እግሩን እየጎተተ ወጥቶ ወደ ጓሮ ሲታጠፍ ያሳያል። ካሜራው የሚያየው ከላይና ከጀርባ ስለሆነ ፊት አይታይም። ስለዚህ መምህሩ እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበሩ ተባለ። ሰብለወንጌል አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። በሱፍቃድ ከአሥር ሰዓት ከአሥር ጀምሮ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ ያየው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የቀረችው ነጅማ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ በዚያው ጠዋት መምህሩ ሥራዋን ለአራተኛ ጊዜ ድገሚ ስላሏት ተጨቃጭቃቸዋለች። ነገሩ ልክክ ያለ ይመስላል፤ ወለተሰንበት ግን ልክክ ያለ ነገር አትወድም።

የሬሳውን ፎቶግራፎች አንድ በአንድ አየች። ከዚያ አቶ ሂርጳን አስጠራች።

«ሰኞ ዝናቡ ስንት ሰዓት አባራ?»

«ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም፤ በረንዳውን እየጠረግሁ ነበር።»

«ኮቱስ? ረጥቦ ነበር?»

«ኧረ ደረቅ ነው። እኔ ነኝ በእጄ ያነሣሁት።»

«የመምህሩ የሚጎተተው የትኛው እግራቸው ነበር?»

«ቀኙ። ጫማቸውን ቢያዩት የቀኙ አፍንጫ አልቋል።»

ወለተሰንበት የካሜራውን ምስል እንደገና አስከፈተች፤ አራት ጊዜ አየችው።

ሰብለወንጌል ስትጠየቅ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምራ እስክትሄድ ድረስ ከነጅማ አጠገብ ስትሥል እንደነበረች ተናገረች። መምህሩንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከክፍሉ ሲወጡ አይታቸዋለች። በሱፍቃድ ያኔ ቢሮ ውስጥ ብቻውን ሥዕሎቹን ወደ ኮምፒውተር ያስገባ እንደነበር አስረዳ። ስለ ነጅማ ሲናገር ድምፁ ይለሰልሳል።

«ነጅማ እንደ እህቴ ናት» አለ። «እሷ ነፍስ አታጠፋም። ሰኞ ጠዋት ግን በጣም ተናዳ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም።»

ወለተሰንበት እንዲህ ዓይነቱን ጥብቅና ለምዳዋለች። በአንድ እጁ እያቀፈ በሌላው የሚገፋ ሰው ያስጠረጥራታል። ሦስቱን የሥዕል ጥራዞች አንሥታ በአውራ ጣቷ አራገበቻቸው። የነጅማና የሰብለወንጌል ሰውዬ ከጎን ሆኖ ይሄዳል፤ የበሱፍቃድ ግን ከፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ ይመጣል። «ይህን እንዴት ነው የሳልከው?» ብላ ጠየቀችው። እሱም ኮራ ብሎ፣ ሌሎቹ በመስኮትና በስልክ ቪዲዮ ሲያዩ እሱ ግን በክፍሉ ትልቅ መስታወት ፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ራሱ እየሄደ እንደተለማመደው ነገራት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ትምህርት ቤቱ፣ መስታወቱ ያለበት ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ነጅማ በሁለት ፖሊሶች መካከል ገባች፤ ከስታ ነበር። ኢንስፔክተሯ መስታወቱን በጨርቅ አስሸፈነችና ተማሪዎቹ እንደ መምህራቸው እንዲሄዱላት ጠየቀች። ሰብለወንጌል እያፈረች ቀኝ እግሯን ጎተተች። በሱፍቃድ ተነሥቶ ሲሄድ አቶ ሂርጳ ሳያስቡት አማተቡ፤ ትከሻው፣ አንገቱ፣ ሁሉ ነገሩ መምህሩን ቁርጥ ነበር። ነጅማ «እኔ አልሄድም» ብላ መሬት መሬቱን አየች።

ወለተሰንበት ሁሉም እስኪቀመጡ ጠብቃ ጀመረች።

«መምህሩ የወደቁት በደረታቸው ነው። ሸሚዛቸው ግን ጀርባው በስብሷል። ጀርባ መሬት አይነካምና ያረጠባቸው ዝናብ ነው። ዝናቡ ዘጠኝ ተኩል ላይ ካባራ፣ ከዚያ በፊት ወድቀዋል።»

«አሥር ሰዓት ላይ የታዩትስ?» አለች ሰብለወንጌል።

«እሳቸው አይደሉም። ኮታቸውን ቢሮ ትተው ነው የወጡት፤ ለዚህ ነው ደረቅ የሆነው። በኋላ አንድ ሰው ኮቱን ለብሶ በዋናው በር ወጣ፤ ጓሮ ሰቅሎት በጓሮ በር ተመለሰ፤ ከዚያ ራሱን ሆኖ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ዝናቡ ሳያባራ ሁለቱ ልጆች አብረው ነበሩ። ብቻህን የነበርከው አንተ ነህ፣ በሱፍቃድ።»

«ብቻውን የነበረ ሁሉ ገዳይ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ካሜራው ውስጥ ያለው ሰው የሚጎትተው ግራ እግሩን ነው። መምህሩ ቀኛቸውን ነበር የሚጎትቱት። አሁን አንተ የጎተትከው የትኛውን ነው?»

በሱፍቃድ እግሩን አየ። አቶ ሂርጳ ቀስ ብለው «ግራህን ነው፣ ልጄ» አሉ።

«ሥዕልህ ትክክል ነው» አለች ወለተሰንበት። «መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰው መምህሩን እስኪመስል ተለማመድህ። ፊት ለፊትህ የቆመ ሰው ቀኝ ካንተ ግራ በኩል ነው። መስታወቱ ውስጥ በዚያ በኩል ያለው ግን የገዛ ግራ እግርህ ነው። እግርህ ያንኑ ለመደ፤ በደነገጥክበት ሰዓትም የለመደውን አደረገ። እዚህ ቤት በመስታወት የተማረ ሌላ ሰው የለም።»

በሱፍቃድ ያን ጊዜ አመነ። መምህሩ ዝናቡ ሊጀምር ሲል ደረጃው ላይ ሲያጨሱ ውጤቱን ሊጠይቅ ወጥቶ ነበር። «ነጅማን መርጫለሁ አሉኝ። ገፋኋቸው። እንዲሞቱ አልፈለግሁም» አለ።

ሰብለወንጌል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነጅማ ግን አልደነገጠችም፤ ኢንስፔክተሯም ይህን አየች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ሰኞ ዕለት ጣቢያ ካሜራውን አሳዩኝ። መስታወቱ ፊት ሲለማመድ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር የምሥለው፤ እርምጃውን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ በነፍስ ግድያ ልትጠየቂ ነገ ፍርድ ቤት ስትቀርቢ ምን ልትሆኚ ነው ዝም ያልሽው?»

ነጅማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ በሱፍቃድን አየችው።

«ምሳዬን በየቀኑ የሚያመጣልኝ እሱ ነበር» አለች። «በመጣ ቁጥር ዛሬ ራሱ ይናገራል ብዬ እጠብቅ ነበር። ዛሬም ምሳዬን ይዞ መጥቶ ‹ብዪ እንጂ› ብሎኝ ሄደ።»

በሱፍቃድ ማልቀስ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ወለተሰንበት የነጅማን እጅ ይዛ አወጣቻትና ከጣቢያው ተከትለዋት መጥተው በር ላይ ለተቀመጡት እናቷ አስረከበቻት።