የአናጢው ደብተር

ዋርድያው የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተ። አሸተተው። ዘጋው።

እንደገና ከፈተው።

ሾፌሩ ከሽቦው ወዲህ ቆሞ ትንፋሹን ዋጠ። ክዳኑ ሁለት ድርብ ነው፤ በመሐሉ አራት ገጽ ወረቀት ተጣጥፎ ተቀምጧል። ከሽቦው ወዲያ የቆመው ሽማግሌ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል።

«በደንብ አልታጠበም» አለ ዋርድያው።

«ወንደላጤ ምን ያውቃል ብለህ ነው» አለ ሽማግሌው።

ዋርድያው ሳቀና ባዶውን ዕቃ ለሽማግሌው አቀበለው። ርክክቡ በዚሁ አለቀ።

ሽማግሌው በጠያቂዎች መዝገብ ላይ የሾፌሩ አጎት ተብሏል። በስለላ መሥሪያ ቤቱም የምስጢር ስሙ «አጎት» ነው። መሥሪያ ቤቱ ዘመድ የማያውቅ ቦታ ነው፤ የምስጢር ስም ሲያወጣ ግን ከዘመድ ሌላ አይታየውም። የአጎት አለቃ «አክስት» ትባላለች። ሾፌሩን ራሱን «አማች» ይሉታል።

ሾፌርም አይደለም። በሕይወቱ መሪ ጨብጦ አያውቅም። የሽፋን ታሪኩን የጻፈው ሰው ይህን ሳይጠይቅ፣ በጭነት መኪና ሰው ገጭቶ ስድስት ዓመት የተፈረደበት ሾፌር አድርጎ እስር ቤት አስገባው። ስምንት ወር ሙሉ ስለ ፍሬንና ስለ ማርሽ ሲጠይቁት «ያን ነገር አታንሱብኝ» እያለ ፊቱን ያዞራል። እስረኞቹ ጸጸት ይመስላቸዋል። እሱ ግን በቃ ደክሞታል።

የተላከበት ጉዳይ ቀላል ይመስል ነበር። መንግሥት አዲስ የአመክሮ ሕግ አውጥቷል። የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰ፣ ሙያ የተማረና ጠባዩ የተመሰከረለት እስረኛ ቤቱ ይግባ ይላል። እስር ቤቱ ከመሙላቱ የተነሣ ሰው በተራ ይተኛ ስለነበር፣ ሾፌሩ ሕጉ ደግ ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዙር ከወጡት መካከል የአንድ ወሮበላ ቡድን ቅጥር ገዳዮች ተገኙ። በወጡ በሳምንቱ አንዲት ምስክር ከነባሏ ተገደለች። የሁለተኛው ዙር ዝርዝር በዐሥር ቀን ውስጥ ይፈረማል፤ በዚያም ላይ የቡድኑ ሰዎች አሉ። ማን ነው የሚያስገባቸው?

መልሱን ያገኘው እሱ በተመደበበት እንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ መሮ ወይም መጋዝ የሚወስድ እስረኛ ጠዋት ስሙ ይጻፋል፣ ሲመልስ ይሰረዝለታል። አንድ መሮ ከጠፋ ክፍሉ በሙሉ ስለሚቀጣ በዚያ ደብተር ላይ የሚቀልድ የለም። ደብተሩን የሚይዙት የክፍሉ አለቃ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው አናጢ ናቸው። የቡድኑ ሰዎች የጠባይ ካርድ «ሁለት ዓመት እንጨት ሥራ ተምሯል» ይላል። በአናጢው ደብተር ግን አንዳቸውም አንዲት ቀን መሮ አልነኩም። ካርዱን የሚሞላው የመዝገብ ሹሙ ነው። ፊርማና ማኅተም አስመስሎ ሲያሟላ ስለ መሮ ትዝ አላለውም። ቢሮ የሚውል ሰው የሚሳሳተው ስሕተት ነው።

አናጢውም በዝርዝሩ ላይ ነበሩ፤ እሳቸው በሐቅ። በአንድ ቀን ንዴት ጎረቤታቸውን ገድለዋል፤ ዐሥራ ሰባት ዓመት ታስረዋል፤ አንድም ቀን አልገደልኩም አላሉም። ሾፌሩ አራቱን ገጽ ከደብተራቸው የገነጠለው ሳያስፈቅዳቸው ነው።

ርክክቡ በተደረገ በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የመዝገብ ሹሙ የጠረጴዛው መሳቢያ እንቢ ስላለው አናጢ ላኩልኝ አለ። ሾፌሩ ተላከ። ተንበርክኮ መሳቢያውን ሳበው።

አራቱ ገጾች እዚያ ነበሩ።

ገጾቹን አልነካቸውም። ልምድ ነው። መሳቢያውን ቀስ ብሎ መለሰው።

«ምን ሆኗል?» አለ ሹሙ፣ ከሚያነበው ወረቀት ቀና ሳይል።

«አብጧል። መላጊያ ላምጣ።»

ኮሪደሩን በዝግታ እየተራመደ ነገሩን አሰላው። ወረቀቱን የሸጠው አጎት ነው፤ ሌላ የነካው ሰው የለም። ሾፌሩን ያልሸጠው ደግሞ አዝኖለት አይደለም፤ ሰላይ ከተጋለጠ ምርመራው ዞሮ አጎት ጋ ይደርሳል። የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሹሙ ከጥቂት ቀን በላይ አይፈጅበትም። ከዚያ ደብተሩ ይቃጠላል፤ አናጢውም አንድ ነገር ይሆናሉ።

አናጢው የወንበር እግር እየላጉ አገኛቸው። ጎንበስ ብሎ ደብተሩን እንዲሰጡት፣ ሊያቃጥሉት እንደሆነ፣ ገጾቹንም የገነጠለው እሱ እንደሆነ ነገራቸው።

«ሾፌር አይደለሁም፣ ጋሼ።»

«እሱንማ መቼ አጣሁት» አሉ። መላጊያቸውን አላቆሙም። «ይኼ ደብተር ከወጣ፣ ዝርዝሩ ምን ይሆናል?»

ሾፌሩ ከወንበሩ እግር ላይ ፍቅፋቂውን ጠረገ።

«ልጄ ክፍሌን ቀለም ቀብታ ጨርሳለች። ሰማያዊ ነው አለችኝ። ለዚህ ነው የምጠይቅህ።»

ሾፌሩ መንግሥቱን ያውቀዋል። አንድ ጥፋት ሲወራ ጥፋተኛውን አይለይም፤ ሕጉን ራሱን ዘግቶ ይገላገላል። ይህንን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ። ቢነግራቸው ደብተሩን አይሰጡትም። ባይሰጡት ገዳዮቹ ይወጣሉ።

«እርስዎ ይወጣሉ» አለ። «የሚቀሩት እነሱ ናቸው።»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት።»

አናጢው ደብተሩን ከመጋዝ ብናኙ ሥር አውጥተው ሰጡት። ሾፌሩ መላጊያ ይዞ ተመልሶ የሹሙን መሳቢያ አስተካከለ። ሹሙ አመሰገነው።

አጎት ሲከዳ የሚያገለግል አንድ መንገድ ብቻ ነበረው። ረቡዕ ረቡዕ የምትመጣው የጥርስ ሐኪም በቀጥታ ለአክስት ትሠራለች። ምልክቱን ነገራት።

«የግራ መንጋጋዬን ነው። ቀዝቃዛ ሲነካው ወደ ጆሮዬ ይወጣል።»

ዋርድያው በሩ ላይ ቆሞ ያያል። ቢሮ ውስጥ ሆነው ምልክቱን የመረጡት ሰዎች ይህን አላሰቡትም፤ የታመመ ጥርስ ይነቀላል።

«መነቀል አለበት» አለች። ዐይኗ ይቅርታ ይለምናል።

ደህናው ጥርስ አልነቀል ብሎ ታገላት። ዋርድያው ደም ሲያይ ፊቱን አዞረ። ያኔ ደብተሩ ከሾፌሩ ሸሚዝ ወጥቶ ከመሣሪያ ሳጥኗ ሥር ገባ።

ዓርብ ዕለት ሹሙ ከጠረጴዛው ላይ፣ አጎት ከቢሮው ተያዙ። ሾፌሩን ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛውሯል ብለው በዝግ መኪና አወጡት። አክስት መኪናው ውስጥ ትጠብቀው ነበር። ገዳዮቹ ከዝርዝሩ ወጥተዋል፤ ቀደም ብለው የወጡትም ተለቅመዋል አለችው። ሕጉ ግን እስኪጠና ታግዷል።

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም።»

«አናጢውስ?»

«አንድ ሰው ለይተን ብንለቅ ደብተሩን የጻፈው እሱ ነው ብለን መንገር ነው። ቡድኑ በሳምንት ይጨርሰዋል።»

«ጥናቱ መቼ ያልቃል?»

«ጥናት ነዋ» አለች አክስት።

እውነቷን ነበር፤ ለዚህ ነው ሊጠላት ያልቻለው። ራሱን ጠላ።

ከወጣ በሁለተኛው ወር፣ ደንቡ የማይፈቅድለትን አደረገ። ዚፑ የተበላሸ ጃኬት ይዞ የአናጢው ልጅ ወደምትሠራበት ልብስ ስፌት ሄደ። ቀጭን ሴት ናት፤ አፏ ላይ መርፌ ይዛለች። አገር ሰላም ብሎ ስለ አመክሮው ሕግ መታገድ ጨዋታ አነሣ።

«የኔም አባት እዚያው ነው» አለች መርፌውን አውጥታ። «ጓዙን ጠቅልሎ ነው የሚያድረው። አባዬ ተው፣ ሕጉ ቀርቷል ብለው አይሰማኝም። ሾፌሩ ምሎልኛል ይላል።»

«ሾፌሩ ማን ነው?»

«እኔ እንጃ። አብሮት የታሰረ ሰው ነው። እሱ ከማለ አይቀርም ይላል።»

እውነቱን ይንገራት? ጓዛቸውን ይፈቱ ነበር። ግን ማን ነህ ትለዋለች፤ እሱም መልስ የለውም። ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ማን ብዬ ልጻፍ?» አለች፣ ቁራጭ ወረቀት አንሥታ።

አፉ ላይ የመጣለትን ስም ነገራት። ሐሙስ ይደርሳል አለችው። አመስግኗት ወጣ፤ አውቶቡስ ከሚጠብቁት ሰዎች ኋላም ተሰለፈ።

ጃኬቱን ሊወስድ አልተመለሰም።