በጋሽ ደምሴ ካሴት ላይ የተቀዳው

ተጠጉ። ሻማዋን አጥፏት፣ ለነገም ታስፈልገናለች። ደረጃው ለሁላችንም ይበቃል። መብራት ከሄደ ቆይቷል፤ ዛሬ የሚመለስም አይመስልም። ልጆቹ ተኝተዋል? ተኝተዋል። እሺ።

ከረጅም ጊዜ በፊት፣ ማለትም ባለፈው ግንቦት፣ ስሙ በማይነገር አንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ነበር።

«አንተ ነህ» ትላለች ባለቤቴ ፀዳለ።

አይደለሁም። አንድ ሰው ነው። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ማህተም ይመታል። ማታ ግን መሐንዲስ ነው። ማን መሐንዲስ አደረገው? ራሱ። በረንዳው ላይ የአሮጌ ቁም ሣጥን በር በሁለት የቢራ ሣጥን ላይ አጋድሞ «የሥራ ጠረጴዛ» ብሎታል። ጠረጴዛው ላይ ምን አለ? መበየጃ አለ። ካቻቪቴ አለ። አንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሙሉ ብሎን አለ። ብሎኑ ከየት መጣ? ከሠራቸው ዕቃዎች ተርፎ። ፈትቶ በገጠመ ቁጥር ሁለት ሦስት ይተርፈዋል። «ፋብሪካው ያበዛዋል» ይላል።

«የእኔ ካውያስ?»

ካውያሽ በዚህ ታሪክ ውስጥ የለም።

«የበሩ ደወልስ?»

ደወሉ ይሠራል። የሽንት ቤቱ መብራት ሲበራ ብቻ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰዓቱን ልንገራችሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት። መንገዱንም ልንገራችሁ። ከመኝታ ቤት እስከ በረንዳ ያለው ኮሪደር። አሥራ አንድ እርምጃ። ሰው የለም። ውሻ የለም። ጅብ የለም። አንድ የልብስ ማስጫ ቆሟል፤ እሱም በጨለማ ሰው ይመስላል። ሰውየው በባዶ እግሩ ይሄዳል። ለምን በባዶ እግሩ? ሚስቱ እንዳትሰማ።

ምን ሊሠራ? ቴፕ ሊሠራ። ቴፑ የጎረቤት ነው። ጎረቤቱ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ባልየው የሞቱት ሰውየው ወደዚህ ሕንፃ ከመግባቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሁለቱ በሕይወት ተያይተው አያውቁም። ይህን ያዙልኝ።

ቴፑ ውስጥ አንድ ካሴት አለ። ሟቹ ድሮ ከሬዲዮ ትረካ ሲቀዱ ቤተሰቡ ያወራባቸዋል። እሳቸውም ይቆጣሉ። «ዝም በሉ፣ እየቀዳሁ ነው!» ይላሉ። ይኸው ነው። ፎቷቸው አለ፣ ኮታቸው አለ፣ ከድምፃቸው ግን በዓለም ላይ የቀረው ይህ ቁጣ ብቻ ነው። ሚስታቸው እሁድ እሁድ ይከፍቱታል። ባልየው ይቆጣሉ፣ እሳቸው ይስቃሉ፣ ይዘጉታል።

አንድ እሁድ ቴፑ አልዞር አለ። በሻሽ ጠቅልለው አመጡት። «በድሉ ልጄ፣ ቀስ ብለህ» አሉት።

«በድሉ?» ይላል አንዱ ከላይኛው ደረጃ። ሁላችሁም ትስቃላችሁ።

እሺ። በድሉ ነው። እኔ ነኝ። ጨለማ ስለሆነ ፊቴን አታዩትም እንጂ እኔ ነኝ። ሴትየዋም እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ሟቹም ባላቸው ጋሽ ደምሴ። እዚያ ታች፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። እንቅልፍ ወስዷቸው ቢሆን ደስ ይለኛል። እትዬ? መልስ የለም። ደግ።

የሚያውቅ ሰው ቴፕ ከመፍታቱ በፊት ምን ያደርጋል? ካሴቱን ያወጣል። ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ግን «ታዲያ በምን እሞክረዋለሁ?» ብዬ ተውኩት። ከፈትኩት። የሚያዞረው ቀጭን ጎማ ረግቧል። በምን ተካሁት? በውስጥ ሱሪዬ ላስቲክ። አትሳቁ። ዞረ! አንድ የተነቀለ ሽቦም ነበር፣ በየድኩት። ስበይድ አንዲት የቀለጠች ጠብታ ከጎኑ አመለጠች። የት ዐረፈች? አላየሁም። አላየሁም እንጂ መፈለግስ ነበረብኝ።

ማጫወቻውን ተጫንኩ። ሽሽሽ ይላል። የሰው ድምፅ የለም። ወደ ኋላ መለስኩት፣ ደግሜ ተጫንኩ። ሽሽሽ። ስሠራ ደግሞ አወራለሁ። «አሁን ገባኝ» እላለሁ። «ቀዩ እዚህ፣ ጥቁሩ እዚያ። የት ነሽ አንቺ ብሎን?» ለማን ነው የማወራው? ለማንም። ብቻዬን ነኝ። ብቻዬን ነኝ ብያለሁ።

ተስፋ ቆረጥኩና ሶኬቱን ነቀልኩ። ገመዱ በእጄ ነው። ቴፑ ግን ይዞራል።

መጀመሪያ መዞር ብቻ። ቀጥሎ ሽሽሽ። ቀጥሎ ከሽሽታው ሥር ትንፋሽ። ቀጥሎ ሳል። አንድ ጊዜ። የሽማግሌ ሳል። ሊናገር የተዘጋጀ ሰው ሳል።

ጀግና ምን ያደርጋል? አሥራ አንዱን እርምጃ በሦስት ጨረስኩት። ከማስጫው ጋር ተቃቅፈን ወደቅን። «ማን ነህ?» አልኩት ማስጫውን። ከዚያ አልጋ ውስጥ ገባሁ። መበየጃው ለካ በእጄ ነበር። የብርድ ልብሱ ቀዳዳ ከየት መጣ ስትይ የከረምሽው፣ ፀዳለ፣ ከዚያ ነው።

«ሲጋራ ጀመርክ ብዬ ስንት ቀን አኮረፍኩህ!»

ሲጋራ አልጀመርኩም። መንፈስ ነበር።

ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ተመለስኩ። ቴፑን ገለበጥኩት። ከኋላው አራት ትልልቅ ድንጋይ ተሰክቶበታል። ባትሪ ድንጋይ! ለካ በነሱ ኃይል ነው ሲዞር የነበረው። መንፈሴ አራት ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ሳቅሁ። ቀጥሎ ያችን ጠብታ አገኘኋት። መሳቄን ተውኩ። የመቅጃውን ሽቦ ከማጫወቻው ጋር አጣብቃዋለች። ማጫወቻውን በተጫንኩ ቁጥር ቴፑ ይቀዳ ነበር። የነበረውን እየሰረዘ ይቀዳ ነበር።

ገባችሁ? «የት ነሽ አንቺ ብሎን?» እያልኩ፣ ላዩ ላይ።

ጠብታዋን ጫርኳት። ካሴቱን ከፈትኩት። የራሴን ልፍለፋ ስሰማ ወዲያው ዘጋሁት። ወስጄ እትዬ በር ላይ አስቀመጥኩና «ተሠርቷል!» ብዬ ሮጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራቸው አጠገብ ሳልፍ ጫማዬን አወልቃለሁ። የተማረ፣ ማህተም የሚመታ ሰው፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ደረጃ ሲወርድ አስቡት።

ዛሬ ግን ጨለማ ነው። በጨለማ መናገር ይቀላል። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ቢተኙም ባይተኙም፣ ይቅር ይበሉኝ። የጋሽ ደምሴን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አሁን ማንም አይስቅም።

«ሰምቼዋለሁ» ይላሉ ከታች።

ምኑን እትዬ?

«ካሴቱን ነዋ። እሁድ እሁድ እኮ እከፍተዋለሁ። መጀመሪያ ያንተን ልፍለፋ ስሰማ አለቀስኩ። ልረግምህም ዳድቶኝ ነበር። ኋላ ዝም ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ለካ ብቻህን አይደለህም።»

ብቻዬን ነበርኩ።

«ስታወራ፣ ስታወራ፣ ያስልብሃል። አትሰማውም። ቀጥሎ ይቆጣሃል። ‹በድሉ፣ ዝም በል፣ እየቀዳሁ ነው!› ይልሃል። አርባ ዓመት የተቆጣኝን ድምፅ አጣዋለሁ? የሱ ነው።»

ጋሽ ደምሴ አያውቁኝም። እኔ ስመጣ እሳቸው አልነበሩም። ስሜን ማን ነገራቸው?

ፀዳለ እጄን ይዛዋለች።

«ይኸው ቴፑን ይዤው መጥቻለሁ፣ ጋቢው ሥር ነው» ይላሉ እትዬ። «ድንጋይ አለው። ልክፈተው?»

አይክፈቱት። በእመቤቴ፣ እትዬ። እኔ ላስቅ ነበር የጀመርኩት። ምክሩንም ገና አልተናገርኩም። ሌሊት ብቻችሁን ዕቃ አትፍቱ። ከፈታችሁም አታውሩ። ካወራችሁም መጀመሪያ ካሴቱን—

«በድሉ፣ ዝም በል!»

እሺ። እሺ እትዬ፣ ይክፈቱት። ግን ድምፅዎ ምነው እንዲህ ጎረነነ?

«እኔ አልተናገርኩም» ይላሉ እትዬ ጥሩወርቅ። «ቁልፉንም ገና አልነካሁት።»